የኦጋዴንን የአየር ዘመቻ በዘመናዊ ሲሙሌተር መልሶ መሥራት

የኦጋዴን ጦርነት የአየር ዘመቻ ለበረራ ሲሙሌተር የተመቸ ነው። ከሐምሌ 1969 እስከ የካቲት 1970 ዓ.ም. የዘለቀው ውጊያ ስምንት ወር አይሞላም፤ ሜዳውም ከቢሾፍቱ ተነስቶ በድሬዳዋና በሐረር በኩል እስከ ጅጅጋና ሐርጌሳ ይዘረጋል። በአየር የተጋጠሙት ዋና ዋና ጄቶች፣ የኢትዮጵያው ኤፍ-5ኢ እና የሶማሊያው ሚግ-21፣ ዛሬ ዲሲኤስ ወርልድ በተባለው የበረራ ሲሙሌተር ውስጥ እያንዳንዱ ማብሪያና ጠቋሚ እንዲሠራ ሆነው ቀርበዋል። የጎደለው የአፍሪካ ቀንድ ካርታ ነው። ስለዚህ ዘመቻውን መልሶ መሥራት ማለት የዚያን ጦርነት ርቀት፣ ከፍታ፣ ሙቀትና የመሣሪያ እጥረት በሌላ መሬት ላይ ማስፈር ማለት ነው። ቀለምና ዓርማ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

ለአሠራሩ አርአያ የሚሆኑት የቀድሞዎቹ ሲሙሌተሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ፋልከን 4.0 ተጫዋቹ ቢበርም ባይበርም ጦርነቱ በራሱ ይቀጥል ነበር፤ ዛሬ የተመታ ድልድይ ነገም ፈርሶ ይገኛል፣ የወደቀ አውሮፕላን ከስኳድሮኑ ይቀነሳል። በ1999 የተከተለውና የኮሪያን ጦርነት የያዘው ሚግ አሊ ደግሞ የትኛው ዒላማ እንዲመታ የመወሰኑን ሥልጣን ለተጫዋቹ ይሰጥ ነበር። እነዚህ ጨዋታዎች ዛሬም የሚናፈቁት የትናንቱ ኪሳራ በዛሬው በረራ ላይ ስለሚቆጠር ነው። ለኦጋዴን ዘመቻ ይህ ባሕርይ ከሁሉ በላይ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ወታደራዊ ርዳታ በ1969 ሲቋረጥ በኢትዮጵያ እጅ የገቡት ኤፍ-5ኢዎች 8 ያህል ብቻ ነበሩ። አንድ አውሮፕላን ሲጠፋ የማይሰማው ዘመቻ፣ ያንን ጦርነት አልነካውም ማለት ነው።

መሣሪያውን ማዘጋጀት

ዲሲኤስ ወርልድ ራሱ በነፃ ይወርዳል። የሚገዙት ሞጁሎቹ ናቸው፤ ለዚህ ዘመቻ የግድ የሚያስፈልጉትም ሁለት ብቻ ናቸው፦ ተጫዋቹ የሚያበረው ኤፍ-5ኢ እና የፐርሺያን ገልፍ ካርታ። ጠላትና ወገን ሆነው ኮምፒውተሩ የሚያበራቸው ሌሎች አውሮፕላኖች፣ ሚግ-21ን ጨምሮ፣ ከነፃው ጨዋታ ጋር አብረው ስለሚመጡ ለእነሱ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ከአምራቹ ድረ ገጽ የሚወርደው ቅጂ አብዛኞቹን ሞጁሎች ለ14 ቀን በነፃ ለመሞከር ይፈቅዳል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ፣ በብር ካርድ መክፈል የማይችል ሰው በውጭ ያለ ዘመድ ከማስቸገሩ በፊት በዚህ የሙከራ ጊዜ ኮምፒውተሩ ጨዋታውን መሸከሙን ቢያረጋግጥ ይመረጣል።

ኮምፒውተሩ 32 ጊጋባይት ራም፣ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድና ሰፊ ቦታ ያለው ኤስኤስዲ ቢኖረው ሥራው ያለ እንከን ይሄዳል። ፋይሉ ከመቶ ጊጋባይት ስለሚያልፍ ማውረዱን ማታ ጀምሮ ማሳደር የተለመደ ነው፤ መብራት ቢጠፋም የጨዋታው ማውረጃ ካቆመበት ይቀጥላል። ሚሽን እየተሠራ ሳለ መብራት ሲሄድ ግን ያልተቀመጠው ሥራ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ በገርጂም ሆነ በአያት፣ በሲኤምሲም ሆነ በሰሚት ላለ ሰው ዩፒኤስ ከጆይስቲክ በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታ በኮምፒውተሩም ላይ ይሠራል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ሙቀቱን የሚያስወግደው በዚህ ስስ አየር ነው። በቆላ ከተማ በደንብ የሠራ ማሽን እዚህ ሲሞቅ ፍጥነቱን ሊቀንስ ይችላል። ሳጥኑን ከግድግዳ ማራቅ፣ የማራገቢያውን ፍጥነት ከፋብሪካው ልክ ከፍ ማድረግና አቧራውን ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ይበቃል። ጆይስቲክን በተመለከተ፣ መጠምዘዣ ያለውና መቅዘፊያውን በእጅ ለማዘዝ የሚያስችል ተራ ጆይስቲክ ለኤፍ-5 ከበቂ በላይ ነው፤ ውድ ዕቃ መጠበቅ ሥራውን ከማዘግየት በቀር ትርፍ የለውም።

መሬቱን ማወቅ

ሚሽን ኤዲተሩ፣ ማለትም የዲሲኤስ የሚሽን መሥሪያ፣ ከመከፈቱ በፊት እውነተኛው መሬት መታየት አለበት። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር መላውን ዓለም ስለያዘ፣ ውጊያ ባይኖረውም ለዚህ ጥናት ተወዳዳሪ የለውም፤ እሱ ከሌለ ጉግል ኧርዝም ያገለግላል። በረራው ከቦሌ ይጀመር። ከማኮብኮቢያው ተነስቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲታጠፍ፣ አርባ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ የቢሾፍቱ ሐይቆችና የሐረር ሜዳ አየር ማረፊያ ይመጣሉ። ከዚያ አዳማ፣ ቀጥሎ አዋሽ፤ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። የጨርጨር ተራሮች በስተቀኝ እየታዩ ሲሄዱ ድሬዳዋ ከተራሮቹ ግርጌ በሰሜን በኩል ትገኛለች። ከቦሌ ድሬዳዋ በቀጥታ 340 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ከድሬዳዋ እስከ ጅጅጋ ያለው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የዘመቻው እምብርት ስለሆነ በዝግታና በዝቅታ መበረር አለበት። መጀመሪያ የሐረር ደጋ ይመጣል። ከዚያ ከጅጅጋ በስተምዕራብ የካራማራ ሸንተረር እንደ ግንብ ተጋርጦ ይታያል፤ መንገዱ በጠባብ በር አልፎ ከሸንተረሩ ማዶ ወዳለው ሰፊ ሜዳ ይወጣል። ያንን በር የያዘ ሐረርንም ድሬዳዋንም የሚያሰጋው ለምን እንደሆነ የሚገባው በካርታ ላይ ካሉት መስመሮች ይልቅ በ300 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ሲታይ ነው። ሠሪው እዚህ ቦታ ላይ ቆም ብሎ የበሩን ስፋት፣ የመንገዱን አቅጣጫና ሜዳው የሚጀምርበትን ርቀት ይመዝግብ፤ ኋላ ምትኩን ሲፈልግ የሚያመሳክረው ይህንን ነው።

ምትክ ካርታ

በፐርሺያን ገልፍ ካርታ ላይ ያለው ደቡባዊ ኢራን ለኦጋዴን ዘመቻ በጣም የቀረበ መሬት ነው፤ ከፍ ያለ ደጋ፣ ደረቅ ሸንተረር፣ ቆላ፣ በመጨረሻም ባሕር። ሦስት አየር ማረፊያዎች መስመሩን ይሠራሉ። ሺራዝ የቢሾፍቱን፣ ላር የድሬዳዋን፣ ባንዳር አባስ የሐርጌሳን ቦታ ይይዛሉ። ከቢሾፍቱ ድሬዳዋ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከሺራዝ ላር 270 ያህል ነው። ከድሬዳዋ ሐርጌሳ 245፣ ከላር ባንዳር አባስ ደግሞ 200 ገደማ። ሁለቱም በተቀራራቢ መጠን ስለሚያጥሩ የዘመቻው ቅርጽ አይዛባም፤ መስመሩም እንደ እውነተኛው በጥቅሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያመራል። ከርማን በከፍታው ለቢሾፍቱ ይበልጥ ይቀርባል፤ ነገር ግን ከከርማን በላር በኩል ባንዳር አባስ መሄድ ወደ ኋላ መመለስ ስለሚሆን አይመረጥም። በርበራ ከተፈለገች በባሕሩ ዳር ያለችው ጃስክ ትተካታለች። ቦሌና ቢሾፍቱ በጣም ስለሚቀራረቡ ሺራዝ ሁለቱንም ይወክላል።

የጎደለውን ርቀት በነዳጅ ማካካስ ይቻላል። ከቢሾፍቱ ጅጅጋ በቀጥታ 420 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከቢሾፍቱ የተነሳ ኤፍ-5ኢ ጅጅጋ ሰማይ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የድሬዳዋ አየር ማረፊያ ለአየር ኃይሉ የሞት ሽረት ጉዳይ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በምትኩ ካርታ ላይ ይህ ስሜት እንዲኖር ተጫዋቹ ሲነሳ ነዳጁ ከሙሉው በአንድ ስድስተኛ ገደማ እንዲቀንስ ይደረጋል። የሆድ ታንክ ለረጅም የጥበቃ በረራ ብቻ ይፈቀዳል።

የካራማራ ምትክ ከላር በስተምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይፈለጋል። የዛግሮስ ሸንተረሮች በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚዘረጉ በመሆናቸው እንደ ካራማራ መንገድ የሚዘጋ ማግኘት ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። መንገድ ሸንተረር የሚያቋርጥበት ጠባብ በርና ከማዶው ሜዳ ያለው ቦታ ከተገኘ እሱ ይበቃል።

ሙቀት፣ ደመናና ሰዓት

ይህ ክፍል ብዙ ሠሪዎች የሚዘሉት ነው፤ ዘመቻውን የኢትዮጵያ የሚያደርገው ግን በዋናነት ይህ ነው። የቢሾፍቱው ሐረር ሜዳ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ሺራዝ 1,500 ሜትር ያህል ናት። የአራት መቶ ሜትሩ ልዩነት በሙቀት ይሞላል፤ የአየሩ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር አውሮፕላኑ 36 ሜትር ያህል ከፍ ካለ ቦታ የሚነሳ ያህል አየሩ ይሳሳል። 400 ለ36 ሲካፈል 11 ይመጣል። በክረምት የቢሾፍቱ የቀን ሙቀት 20 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ሺራዝ 31 ዲግሪ መሆን አለባት ማለት ነው። ኤዲተሩ የሚጠይቀው ደግሞ የባሕር ወለሉን ሙቀት ነው፤ አየሩ በየሺህ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ ለሺራዝ ከፍታ 10 ዲግሪ ገደማ ይጨመራል። ውጤቱ ከ40 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ይላል። በዚሁ ቁጥር ላር ላይ የሚገኘው 36 ዲግሪ ያህል ነው፤ ለሞቃታማዋ ድሬዳዋም ይስማማል።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ቦምብ የጫነ ኤፍ-5ኢን ከሺራዝ ማስነሳት በራሱ ትምህርት ይሆናል። ሁለቱ ጄ85 ሞተሮች ሙሉ አፍተርበርነር ላይ ሆነውም ማኮብኮቢያው በፍጥነት ያልቃል። ኤፍ-5ኢ ለዚህ የሚረዳ አንድ ብልሃት አለው፦ ከመነሳት በፊት የፊት እግሩን ወደ ላይ የሚያረዝም ማብሪያ። አፍንጫው በጥቂት ዲግሪ ቀና ሲል ክንፉ ቶሎ አየር ይይዛል፤ መንደርደሪያውም ያጥራል። የመነሻ መግለጫው ላይ ይህ ማብሪያ ካልተጠቀሰ ጀማሪ ተጫዋች ከማኮብኮቢያው መጨረሻ አጥር ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

ደመና አስቸጋሪ ነው። በሐምሌ ደጋው በክረምት ደመና ሲሸፈን የኦጋዴን ቆላ ደረቅ ነው፤ ሲሙሌተሩ ግን ለመላው ካርታ አንድ ዓይነት ደመና ነው የሚሰጠው። ከሺራዝ ተነስተው ላር ለሚያርፉ በረራዎች የተቆራረጠ ወፍራም ደመና፣ ከላር ለሚነሱት ጥርት ያለ ሰማይ መምረጥ መፍትሔ ነው።

ቀኑም ይታሰብበት። ሲሙሌተሩ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ስለሆነ ሐምሌ 1969 ማለት ጁላይ 1977 ነው። ነገር ግን በኢራን ኬክሮስ በጁላይ ፀሐይ ወደ 14 ሰዓት ትቆያለች፤ በኢትዮጵያ ግን ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባሉ ይችላሉ። ስለዚህ በኤዲተሩ ውስጥ የሚሞላው ቀን የመስከረም ወይም የመጋቢት አጋማሽ ቢሆን ብርሃኑ ይስተካከላል፤ እውነተኛው የዘመቻ ቀን በመግለጫው ላይ ይጻፋል። ሰዓቱም በ24 ሰዓት ስለሚሞላ ከጠዋቱ 12 ሰዓት 06:00፣ ከቀኑ 9 ሰዓት 15:00 ተብሎ መግባቱን መርሳት አይገባም።

አውሮፕላኖችና ትጥቅ

ኤፍ-5ኢ ራሱ ስላለ ችግር የለም። ቀድሞ የነበሩትን ኤፍ-5ኤዎች ራሱ ኤፍ-5ኢ ሊተካ ይችላል፤ በኮምፒውተር የሚበሩና ለምድር ጥቃት ብቻ የሚመደቡ ይሁኑ። ኤፍ-86 ሴበር በኢትዮጵያ አየር ኃይል ውስጥ የነበረና በሲሙሌተሩም ያለ በመሆኑ እንዳለ ይገባል። ካንቤራ ቦምብ ጣይ የለም፤ ምትክ ከመፈለግ መተው ይሻላል።

በሶማሊያ በኩል የነበረው ሚግ-21 ኤምኤፍ ነው፤ ሲሙሌተሩ የያዘው ግን ሚግ-21ቢስ የተባለውን የኋለኛ ዓይነት ነው፤ ሞተሩ ከኤምኤፍ ይበረታል። ይህን ለማመጣጠን ሚጎቹ ሙሉ ነዳጅና የሆድ ታንክ ይዘው እንዲገቡ ይደረጋል። ሚሳይላቸው አር-3ኤስ ብቻ ይሁን፤ አር-60 ፈጽሞ አይፈቀድ። ለሚግ-17 ምትኩ ታላቅ ወንድሙ ሚግ-15ቢስ ነው።

ለኤፍ-5ኢ የሚፈቀደው ሳይድዋይንደርም ቀደምቱ ኤይም-9ቢ ወይም ኤይም-9ፒ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ፒ5 ከፊት ለፊት መምታት የሚችል፣ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ዓይነት ስለሆነ ከመጋዘኑ መውጣት አለበት። እነዚያ የድሮ ሚሳይሎች የሚሠሩት ከጠላት ጭራ ጀርባ ሆኖ የሞተሩን ሙቀት በማሽተት ነው፤ በመሆኑም ውጊያው ወደ መታጠፍና ወደ ሁለቱ ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች ያመራል። ኤፍ-5ኢ በመታጠፍ ሚግ-21ን ይበልጣል፤ ሚጉ ደግሞ በፍጥነትና ሽቅብ በመውጣት። ተጫዋቹ ይህን ልዩነት በእጁ እንዲያገኘው መጀመሪያ አንድ ለአንድ የሆነ አጭር መለማመጃ ሚሽን ቢሠራ መልካም ነው።

ትጥቁን የሚወስነው ቦታ በኤዲተሩ ውስጥ ያለው የየአየር ማረፊያው መጋዘን ነው። ያልተገደበ የሚለው ምልክት ይነሳና የአውሮፕላኑ፣ የሚሳይሉ፣ የቦምቡና የነዳጁ መጠን በቁጥር ይሞላል። ለላር ጥቂት ሚሳይሎች ብቻ ተሰጥተው ሺራዝ ላይ የተቀሩት ቢቀመጡ፣ ተጫዋቹ ሚሳይሉን የት እንደሚያጠፋው ማሰብ ይጀምራል።

ራዳርና የምድር ጦር

ኢትዮጵያ በካራማራ ላይ አሜሪካ ሠራሽ የሩቅ ቅኝት ራዳር ነበራት፤ ኤፍ-5ኢዎቹን ወደ ሚጎቹ የሚመሩት ተቆጣጣሪዎች የሚያዩት በዚሁ ነበር። በሲሙሌተሩ ከሩቅ ቅኝት ራዳሮች አንዱ በተመረጠው ሸንተረር ጫፍ ላይ ይቀመጥና የማስጠንቀቂያ ራዳር ተግባር፣ ከሬዲዮ ሞገድ ጋር ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ በሬዲዮ ሲጠይቅ የጠላት አቅጣጫ፣ ርቀትና ከፍታ ይነገረዋል።

የዘመቻው ታላቅ መታጠፊያ ይህ ድምፅ ሲጠፋ ነው። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ስትያዝ ጣቢያው ከአገልግሎት ወጣ። ከታች በሚዘረዘረው ሦስተኛ ምዕራፍ ሚሽን መካከል ራዳሩ በትሪገር፣ ማለትም በኤዲተሩ አስቀድሞ በሚሰጥ ትዕዛዝ፣ እንዲጠፋ ይደረጋል፤ ተጫዋቹ ይጠይቃል፣ የሚመልስለት የለም። ከዚህ በኋላ ባሉት ሚሽኖች ሁሉ በዓይኑና በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ባለችው ትንሽ ራዳር ብቻ ይዋጋል። ይህን መታጠፊያ በጽሑፍ ማስታወቂያ ማብራራት አያስፈልግም፤ ዝም ማለቱ ይበቃል።

ለምድር ጦሩ ቲ-55 ታንኮች፣ የጭነት መኪኖችና መድፎች ለሶማሊያ፣ ኤም-60 ታንኮች ለኢትዮጵያ በቂ ናቸው። የሶማሊያ ጦር ዓምዶች ዙ-23 እና ሺልካ በሚባለው ባለ አራት አፈሙዝ ፀረ አውሮፕላን ይጠበቃሉ። በትከሻ የሚተኮሰው ኢግላ ግን ከዚያ ጦርነት በኋላ የመጣ ስለሆነ አይገባም፤ ከገባ ዝቅ ብሎ መብረር የማይቻል ይሆናል፣ ታሪኩም ይዛባል። ሐርጌሳ ዙሪያ ኤስ-75 ወይም ኤስ-125 ሚሳይል አንድ ባትሪ ቢኖር ተጫዋቹ ድንበሩን ተሻግሮ ሲገባ እንዲጠነቀቅ ያደርገዋል።

ቡድኖቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ካርታው ላይ ከፈሰሱ ኮምፒውተሩ ይንገዳገዳል። ዘግይቶ መንቃት የሚለው ምርጫ ተሰጥቷቸው፣ ተጫዋቹ ወደ አንድ ክልል ሲገባ እንዲነቁ ማድረግ ይሻላል።

ምዕራፎቹ

ዘመቻው በስድስት ምዕራፍ ቢከፈል ይበቃል። በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ገፍቶ ሲገባ የአየር የበላይነት ጥያቄ በኦጋዴን ሰማይ ላይ ይወሰናል፤ ይህ ምዕራፍ የአየር ለአየር ፍልሚያ ብቻ ይሁን፣ ሁለት ሁለት ሆነው በሚወጡ ኤፍ-5ኢዎች። በነሐሴ የድሬዳዋ መከላከል ይመጣል፤ እዚህ ላይ ተጫዋቹ ከሚነሳበት አየር ማረፊያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ታንክ ይመታል፣ ቶሎ ይመለሳል፣ ዳግም ይጭናል። የመስከረሙ ምዕራፍ የጅጅጋና የካራማራ መውደቅ ነው፤ የተጫዋቹ ጥረት የምድሩን ውጤት መለወጥ የለበትም፣ የሚያፈገፍገውን ጦር ማትረፍ ግን ይችላል። አራተኛው፣ የሐረር ከበባ፣ ከሁሉ የሚረዝምና ውጤቱ በትንሽ በትንሹ የሚታይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይቸኮልበታል፤ ሦስት ወይም አራት አድካሚ የመንገድ ቅኝትና የምድር ጥቃት ሚሽኖች ቢኖሩት ግን ጦርነቱ ያለቀው በአየር ፍልሚያ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

ኅዳር 4 ቀን 1970 ሶማሊያ የሶቪየት አማካሪዎችን አስወጣች፤ የሶቪየት የአየር ድልድይም መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ያጎርፍ ጀመር፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። ለአምስተኛው ምዕራፍ ኢል-76 በሲሙሌተሩ ውስጥ አለ፤ ተጫዋቹ ከሺራዝ ተነስቶ የሚመጡትን ማጓጓዣዎች ያጅባል። የመጨረሻው ምዕራፍ የጥርና የየካቲት መልሶ ማጥቃት ነው። ሄሊኮፕተሮች ተራራውን ተሻግረው ጦርና መሣሪያ ከጠላት ጀርባ ያራገፉበት ሥራ በሚ-8 እና፣ ለሚ-6 ምትክ፣ በሚ-26 ይታያል። ዘመቻው ጅጅጋ ነፃ በወጣችበት በየካቲት 26 ቀን 1970 ይዘጋል።

የዲሲኤስ ዘመቻ መገንቢያ ሚሽኖቹን በደረጃ ያስራል፤ በአንድ ሚሽን ከ50 ነጥብ በላይ ያገኘ ወደ ላይ ያልፋል፣ ከዚያ በታች ያገኘ ወደ ኋላ ይመለሳል። ኪሳራን ከሚሽን ወደ ሚሽን ግን በራሱ አይሸከምም። ቀላሉ መፍትሔ ደብተር ነው፦ ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ የቀሩት ኤፍ-5ኢዎች ይቆጠሩና የቀጣዩ ሚሽን መጋዘን በዚያ ልክ ይሞላል። አሠራሩ ከተለመደ በኋላ ዲሲኤስ ሊበሬሽን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ቆጠራ በራሱ ያከናውናል፤ የሁለቱን ወገኖች መሣሪያ ዝርዝር በፋይል መስጠት ብቻ ይጠይቃል። መጀመሪያ በደብተር የሠራ ሰው ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግለት ይገባዋል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ባይዘለል ጥሩ ነው።

ድምፅ፣ መግለጫና ስም

የበረራ መግለጫው በአማርኛ መሆን አለበት። የግዕዝ ፊደል በጨዋታው መስኮት ላይ በትክክል መውጣቱ ካላስተማመነ መግለጫው በሥዕል ፋይል ተዘጋጅቶ ይገባል፤ ኤዲተሩ የመግለጫ ሥዕል ስለሚቀበል ከእጅ ጽሑፍ ጀምሮ የፈለጉትን ማስገባት ይቻላል። የሬዲዮ ድምፅ በስልክ ተቀድቶ፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ድምፅ ተቆርጦለት ሲገባ የጦር ሬዲዮ ይመስላል። ብርድ ልብስ ሥር መቅዳት ማስተጋባቱን ይቀንሳል።

ስሞች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። እንደ ለገሰ ተፈራና ባጫ ሁንዴ ያሉ አብራሪዎች በዚያ ጦርነት በሠሩት ጀብዱ ይታወቃሉ፤ ለገሰ ተፈራ አውሮፕላኑ ተመትቶ ከተማረከ በኋላ በሶማሊያ እስር ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቷል። እነዚህ ስሞች በታሪክ መግለጫው ላይ በክብር ይጠቀሱ፤ ኮምፒውተሩ ለሚያበራቸውና በየሚሽኑ ለሚወድቁ አውሮፕላኖች ግን አይሰጡ፣ የጥሪ ስም ይበቃቸዋል። ለሶማሊያ አብራሪዎችም እንዲሁ።

ማረም

ሚሽኑ ሲያልቅ ሠሪው ራሱ ደጋግሞ ይብረረው፤ ከዚያ ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ይስጠው። ጀማሪው የሚሳሳትበት ቦታ መግለጫው የጎደለበት ቦታ ነው። ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊት የሚሽኑ ቅጂ በሌላ ስም ይቀመጥ።

ከቴክኒኩ በላይ ግን ታሪኩ እርማት ይፈልጋል። ጅጅጋ የወደቀችበት ቀን፣ የወደቁት ሚጎች ብዛት፣ የየዕለቱ ውጊያ ቦታ ከምንጭ ምንጭ ይለያያል፤ የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ ስለ ጦርነቱ የጻፉት የምድሩን ውጊያ ለማቀናበር ጠንካራ መነሻ ይሆናል፣ የአየሩ ግን ብዙ ክፍሉ በሰው ትዝታ ውስጥ ነው። ምሥራቅ አዲስ አበባ ለዚህ የታደለ ነው። ከዚህ ተነስቶ ቢሾፍቱ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ እዚያም በሐረር ሜዳ ያገለገሉ ጡረተኛ አብራሪዎች፣ የምድር ቴክኒሻኖችና ቤተሰቦቻቸው አሉ። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ደግሞ ያንን ጦርነት ከጅጅጋ ወይም ከሐርጌሳ በኩል ያዩ የሶማሌ ሽማግሌዎች ይገኛሉ፤ ሚጉ ሲነሳ ከታች ሆነው የሰሙት እነሱ ናቸው፣ ቦምቡም ወርዶባቸዋል። የሁለቱን ወገን ትዝታ ያልሰማ ዘመቻ ግማሽ ነው። ጦርነቱን በጨዋታ ብቻ የሚያውቁ ወጣቶች ሚሽናቸውን በላፕቶፕ ይዘው ሄደው ያሳዩአቸው፤ ሽማግሌዎቹ «እንዲህ አልነበረም» የሚሉበትን ቦታ ሁሉ ይጻፉ፣ እርማቱንም ከአንደኛው ምዕራፍ ይጀምሩ። የሚጠየቁት ሰዎች ዕድሜያቸው ሰባና ሰማንያ ደርሷልና ይህ ሥራ ለከርሞ አይቀመጥ።